አራት ሰከንድ

ነስሪያ ተዳረች፣ ጁገል ገባች፣
ከፍራሼ ግማሹን ባዶ ትታ ሄደች።
ማክሰኞ ማክሰኞ፣ ሦስት ሰዓት ሲመታ፣
ስልኬን አስተኝቼ በሷ ቦታ
ድራማችንን እናያለን፣
ተዋናዮቹን እያማን።

የሷ ዲሽ ይቀድማል፣ በአራት ሰከንድ፤
“ውይ!” ትላለች ከሐረር፣ እኔ ገና በመንገድ።
በሩ ሳይንኳኳ ማን እንደመጣ አውቃለሁ፣
ከሷ ሳቅ በኋላ ለመሳቅ እጠብቃለሁ።

ሰኔ ላይ፣ አንድ ማታ፣ ከዚራ ጨለመ፣
ማራገቢያው ዞሮ ዞሮ ቆመ።
“መብራት ሄደብኝ!” ብላት
“እኔ እነግርሻለሁ” አለች፣ ቀለል ብሏት።

ነገረችኝ፦ ታላቅየው ከእስር ወጣ፣
እህቶቹ ታረቁ፣ የጠፋው ደብዳቤ መጣ፣
ያቺ ምቀኛ አክስት ሳትቀር
“ይቅር በሉኝ” አለች፣ ቆማ ከበር።
በጨለማ አየሁት፣ ጥርት ብሎ ሁሉን፣
ላቤን ሳልጠርግ፣ ሳላስታውስ ሙቀቱን።

ረቡዕ፣ ታይዋን ገበያ፣ ከሐረር የወረደ ሾፌር
“ትናንት” አለ፣ “እኛም ጨለምን፤ ከሦስት ተኩል ወዲህ መብራት አልነበር።”

ሻሽ መርጬ፣ ዋጋ ተከራክሬ ተመለስኩ።
ማታ ስትደውል ስለ ሻሹ አወራኋት፣
ያን ግን አልነገርኳት።
ድጋሚው ቅዳሜ ነበር፤
አልከፈትኩትም።