የባለቤት ልጅ

በበሩ ሥር ገባ፣ ማኅተም ያለው ወረቀት፣
የብሎክ ዘጠኝ ማኅበር ስሙ የታተመበት።
«አንቀጽ አራት» ይላል፣ ተሰምሮበት በቀይ፣
«በአንድ ቤት የሚኖር ባለቤት ነው፤ ከዚያ ላይ
የባለቤት ልጅ ብቻ። ሌላው ሁሉ እንግዳ ነው፤
አሥራ አምስት ቀን ቢያልፍ አምስት መቶ ብር አለው።»
ከታች ሠንጠረዥ አለ፣ ሦስት መስመር ብቻ፤
ስም፣ ዕድሜ፣ ዝምድና… ሳጥኗ የጥፍሬ አቻ።

አያቴ ማቻክል ላይ ርስት ሲሟገት
ሰባት ቤት ቆጥሮ ነው፣ በእናትም በአባት፤
አቅኚው ድረስ ወጥቶ፣ ስም በስም መልሶ፣
ዳኛውን አሰልችቶ፣ ጸሐፊውን አስለቅሶ።
እኔ ግን አንድ ልጅ ነው ማስቆጠር ያቃተኝ፣
ያውም ከማላውቃት ሴት፣ በር አንኳክቶ የመጣብኝ።
(«መጣልኝ» ያልሁት ቆይቶ ነው።)

አልማው ሾፌር ነበር። የዓባይን በረሃ ሲወጣ
ደጀን ላይ ሞተር ያቀዘቅዛል።
እኔ የማውቀው ሞተሩን ብቻ ነበር።
በሞተ በዓመቱ ዕጣ ወጣልኝ፤
ይህን ደረጃ አንድ ቀን አልረገጠውም።

በሁለተኛው ክረምት፣ ማታ፣ በሩ ተንኳኳ።
የዘጠኝ ዓመት ልጅ፤ የአልማው ቅንድብ፣ የአልማው ጃኬት፣
እጅጌው ሦስት ጊዜ የተጠቀለለ።
«እናቴ በመተማ በኩል ሱዳን ሄደች» አለኝ።
ስሙን ጠየቅሁት።
«አትርሳው።»
ልረሳው ነበር ያሰብሁት፤ ስሙ ቀደመኝ።

ሁለት ዓመት ሆነው።
ዘበኛው ጋሽ ውበቴ ደብተር አለው፤
ጧት ልጁ ለትምህርት ሲወጣ «እንግዳ፤ ወጣ» ይላል፣
ማታ ሲመለስ «እንግዳ፤ ገባ»።
በደብተሩ ከሄድን አትርሳው ሁልጊዜ ትናንት የመጣ ነው፤
አሥራ አምስት ቀን ሞልቶት አያውቅም።
ማን እንዳስተማረው አልጠየቅሁም፤ እሱም አልነገረኝም።

እሑድ ከደረጃው ሥር ተሰበሰብን።
ሊቀመንበሩ ሞላልኝ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣
«ወይዘሮ አንጓች፣ ውሃ በሰው ቁጥር ነው የሚከፈለው፤
ይህ ልጅ ምንሽ ነው?»
ጀሪካኗን እሱ የሚያወጣላት የሦስተኛ ፎቋ ሴት
ጫማዋን አየች።

«አንቀጽ አራትን ድገሙት» አልሁ።
«የባለቤት ልጅ ይላል። ልጁ የባለቤቴ ልጅ ነው።»
ሳቁ። ከኋላ አንዱ፣ «ባለቤት ማለት እኮ የቤቱ…»
«እኔም እንደዚያ ስጠራው ነው የኖርሁ» አልሁ፣
«ሰው ቤት ተከራይተን ስንኖርም ባለቤቴ ነበር።»
ሳቁ ቆመ።

ቅጹን እዚያው ሞላሁት።
«የባለቤት» ስል ሳጥኗ አለቀች፤
«ልጅ» የሚለው ከመስመር ወጥቶ ጠርዙ ላይ ቀረ።
ሞላልኝ ማኅተሙን ኪሱ ከተተና
«ለኮሚቴ ይቀርባል» አለ።

ማታ ከጮቄ የሚወርደው ብርድ ግቢውን ሞልቶታል።
ጋሽ ውበቴ ደብተሩን ገልጦ፣ እስክሪብቶውን በትንፋሹ እያሞቀ፣
«ዛሬስ ምን ልበለው?» አለኝ።
ልጁ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለ ነበር፣
ጃኬቱ ሊልከው ትንሽ ቀርቶታል።
«ገባ በል» አልሁት፣
«ሌላውን ተወው።»