ስምንት መቶ ግራም

ቅዳሜ ረፋድ ነው፤ ጌንት ላይ ያካፋል፤
የሊቨን ሱቅ መስኮት ጉም ለብሶ ያንቀላፋል።
ሁለት ብስክሌቶች ጎን ለጎን ቆመዋል፣
የሦስት ዓመት ቁጠባዬን በስሙ ጠርተዋል።

ጥቁሩ ስስ አጥንት፣ ዳገት የሚወድ ነው፤
ሊቨን ከሚዛኑ መንጠቆ ላይ ሰቀለው፤
«ስድስት ኪሎ ከሰባት መቶ!» አለ እየሳቀ፣
አራስ እንደመዘነ አዋላጅ ፊቱ ደመቀ።
ሰማያዊው ደግሞ የዓሣ ጀርባ አለው፣
ቱቦው እንደ ቢላ ነፋሱን ሊከፍለው፣
ገመዱን ሰውሮ፣ ፍሬኑን ደብቆ፣
ባለበት ቆሞ እንኳ የሚሄድ አፈትልኮ።
ሚዛኑ ሲፈርድ ግን፦ ሰባት ኪሎ ተኩል።
ልዩነቱ ስምንት መቶ ግራም፤ የአንድ ዳቦ እኩል።

ለዚያች ለአንድ ዳቦ ሁለት ወር ታመስኩ፣
ማርሽ ከማርሽ፣ ጎማ ከጎማ ሳነጻጽር ከረምኩ፤
ትራሙ ላይ ሆኜ ቀይ መብራት ሲይዘኝ፣
«ጥቁሩን!» «ሰማያዊውን!» የሚል
ሁለት ጠበቃ በሆዴ ሲሟገትብኝ።

ሥራዬ ሀዲድ ነው። ሀዲድ አያማክርም፤
ግራ ነው ቀኝ ብሎ ነጂውን አይጠይቅም።
አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ፣ መሪ በሌለው ወንበር፣
ብረት ወደ መራኝ ስሄድ፣ ስመለስ፣ ስዞር፣
ለካ መምረጥ ራሱ ልምምድ ይጠይቃል፤
ያልሠራ ጡንቻ ነው፤ ሲነኩት ይጨነቃል።

ደግሞ ቋንቋዬ አለ፤ እሱም አልተወኝም።
«ቀላል ነው» የተባለ፣ ደሴ ላይ፣ ዋስ አይሆንም።
አባቴ፣ ልብስ ሰፊው፣ ሜትሩን አንገቱ ላይ ጥሎ፣
«አትቅለል፤ ክበድ እንጂ» ይለኝ ነበር ቶሎ ቶሎ።
ዛሬ ያ የእሱ ልጅ፣ ገላው ላይ የተጣበቀ ቁምጣ ታጥቆ፣
ለመቅለል ሊከፍል ነው፣
ዘጠኝ ሺህ ዩሮ ከባንክ ፈልቅቆ።

ባለቤቴን ስንዱን ማታ ባማክራት፣
ሽንኩርት መክተፏን ሳታቆም፣ ሳቋ እየቀደማት፦
«ሆድህ ላይ አራት ኪሎ አለ፤ ከነሐውልቱ ጭምር።
መጀመሪያ እሱን አፍርስ፤ ከዚያ ስለ ግራም እንነጋገር።»

ሊቨን «ዳገት ትወዳለህ?» አለኝ፤
«አዎን» አልኩት እንደ ባለ ዕዳ።
በአገጩ ውጭውን አሳየኝ፦ እስከ ባሕሩ ድረስ ሜዳ፣
ሜዳው ላይ ነፋስ፤ ባንዲራ የሚቀድ፣
ዛፉን ሁሉ ወደ ምሥራቅ አጎንብሶ የሚያሰግድ።
«እዚህ አገር» አለ፣ «ዳገቱ ነፋስ ነው።
ጫፍ የለውም እንጂ፣ መውጣቱስ ያው ነው።»

ሰማያዊውን ገዛሁ።
ለምን ብባል ዛሬም በቅጡ አላውቅም፤
ነፋሱ ይሆናል። አባቴ ይሆናል።
ቀለሙም ይሆን ይሆናል።

እሑድ ጠዋት ወጣሁ፣ በሼልድ ወንዝ ዳር፣
ክርኔን አጥፌ፣ አንገቴን ቀብሬ፣ ነፋሱን ልሰነጥር፤
ሠላሳ ይላል ያልኩት ሃያ ሦስት ላይ ቀረ ቁጥር፤
ላቤ ከአፍንጫዬ ጫፍ በአዲሱ ቀለም ላይ ሲንቆረቆር
ከኋላዬ ደወል።
አንዴ ብቻ። ትሕትና ያለው።
አንዲት አሮጊት፣ ባለ ባትሪ ብስክሌት ላይ
ወንበር ላይ እንደተቀመጠ ሰው ቀጥ ብለው፣
ቅርጫታቸው ውስጥ ባሮ ሽንኩርትና አንድ ዳቦ፣
«መልካም ቀን» ብለውኝ አለፉ፣
ሻሻቸው እንኳ ሳይዛነፍ።

ዳቦው በቅርጫቱ ውስጥ እየዘለለ ራቀ፤
ስምንት መቶ ግራም ሙሉ።

ፔዳሉን ተውኩት። መሳቅ ጀመርኩ፤
ነፋሱ አፌን ሞላው።
አባቴ ይቅር ይበለኝ፤
ከባዱ ብስክሌት ላይ ሆኜ
ቀለለኝ።