ቁጢጥ

ሰነፍ ብዬው ነበር። ይኸው ልናገረው፤
ምላሴ ያጠፋውን ብዕሬ ይቁጠረው።

በቺሌ ደቡብ፣ ቺሎኤ፣ ከባሕሩ ዳር፣
ዝናብ ከጣሪያ በማይወርድበት አገር፣
አስተማሪ ነኝ እኔ፤ ክፍሌ ባለ ጣውላ፣
ተማሪዬ አሥራ ሰባት፣ ምድጃው ከኋላ።

ሊካን የኦሪስቴላ፣ የባሕር አረም ለቃሚዋ ልጅ፣
ስድስት ዓመቱ ነው፤ የጠጠርና የሸርጣን ወዳጅ።
ኳስ ሲጀመር አለ፣ ከሁሉም ቀድሞ፤
ዐሥር ርምጃ ሮጦ፣ ድንገት ይቀርና ቆሞ፣
ቁጢጥ ይላል ጭቃው ላይ፣ ጉልበቱን አቅፎ፤
ጨዋታው ይሄዳል በአናቱ ላይ አልፎ።

«ተነሳ!» እላለሁ፣ ፊሽካዬን ነፍቼ፤
«እንቁላል ልትጥል ነው፣ ዶሮ?» ተቆጥቼ።
ልጆቹ ይስቃሉ። እሱም አብሮ ይስቃል፤
በሳቁ መካከል ትንፋሽ ይሰርቃል።

ከንፈሩ ሐምራዊ ነው፤ ብዙም አልገረመኝም፣
ማኪ በልቶ ይሆናል፣ የዱር ፍሬ፣ ምላስ የሚያቀልም።
መሐረቤን አርጥቤ ፈተግኩት፣ ፈተግኩት።
አልለቀቀም።

የጣቶቹም ጫፎች ክብ ክብ ያሉ፣
እንደ ከበሮ መምቻ የተድቦለቦሉ፤
አየሁ። አላየሁም። ዓይን ብቻውን ምን ያያል?
ስም ካላወቀለት ሁሉን ብርድ ነው ይላል።

በወር አንዴ ትመጣለች በሞተር ጀልባዋ፣
ነርስ ኤድሊያ፣ ጫማዋ እርጥብ፣ ከባድ ሻንጣዋ፤
ሕፃናት ትመዝናለች፣ ጆሮ ታያለች፣
ማዳመጫዋን በመዳፏ አሽታ ታሞቃለች።
ሊካን ደረት ላይ ስትደርስ ግን ቆየች።
ዓይኗን ጨፈነች።
«በር ስር እንደሚገባ ነፋስ ያለ ድምፅ አለ» አለች።
ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ ቀስ ብላ ጠየቀች፦
«ሲሮጥ፣ ቁጢጥ ይላል?»

«አዎ» ለማለት ስንት ዓመት ፈጀብኝ!
ያቺ ዶሮዬ ጉሮሮዬ ላይ ቁጢጥ አለችብኝ።

በጠመኔዬ ሣለችው፣ በራሴ ሰሌዳ፦
ልብ፣ አራት ክፍል ያለው፣ ደምን የሚቀዳ፤
ግድግዳው ተቀዶ ደምና ደም ሲቀላቀል፣
ወደ ሳንባ የሚወስደው መንገድ ጠቦ ሲታገል።
ቁጢጥ ሲል ግን የእግሩ ደም ስር ይታጠፋል፣
ደሙ ሌላ ደጅ አጥቶ በጠባቡ ያልፋል፣
ሳንባው ይደርስለታል፤ ልጁ ትንሽ ያርፋል።

ማን አስተማረው ታዲያ? እኔ? መጽሐፌ?
እኔማ ስሰድበው ነበር በዚህ አፌ።
ራሱን ሲያክም ነበር፣ በጭቃው መካከል፣
የስድስት ዓመት ሐኪም፣ ትንፋሽ ሲያስተካክል።

ሐሙስ፣ በንባብ ሰዓት፣ ሊካን ጠቆረ።
ጣቱ ከቃሉ ላይ ሳይነሳ ቀረ።
ኤድሊያ እንዳሳየችኝ፣ ጉልበቱን ወደ ደረቱ
አጥፌ ያዝኩት፤ እንደ ጽንስ፣ እንደ ጥንቱ።
ኦሪስቴላ ከባሕር መጣች፣ ጨው ጨው እየሸተተች፤
አላለቀሰችም፤ ስሙን እንደ ገመድ ጎተተች፦
ሊካን። ሊካን። ሊካን።
ጀልባ። ከጀልባ መኪና። ከመኪና አውሮፕላን።

ሳንቲያጎ ላይ ልቡን ለሰዓታት ማሽን ተካለት፤
ቀዳዳው ተጣፈ፣ ጠባቡም መንገድ ሰፋለት።
«መረብ ነው የጠገኑት» ብላ ደወለችልኝ፤
«እኔ የማውቀውን ሥራ ነው» አለችኝ።

በመጋቢት፣ ትምህርት ሲከፈት፣ ተመለሰ፤
ደረቱ መሃል ቀይ ስፌት፣ ሹራቡ ያነሰ።
ኤድሊያ አሁንም በየወሩ ታዳምጠዋለች፤
ያ ድምፅ ትንሽ ቀርቷል። «እናውቀዋለን» ትላለች።

ትናንት ኳስ ነበር።
ሮጠ። ዐሥር። ሃያ። ሠላሳ። መቁጠሬን ተውኩ።
መስመሩን አልፎ፣ ውኃው ጫፍ ሲደርስ፣
ቁጢጥ አለ።

ፊሽካው ከአፌ ወደቀ።
ሮጥኩ፣ በሃምሳ ስምንት ዓመቴ፣ በጭቃ፣ በዛጎል ስብርባሪ ላይ።
«ሊካን! ምን ሆንክ?»

ቀና አላለም። ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ፣
ቀዩ ከንፈሩ ላይ፤
«ዝም በል መምህር፣ ሸርጣኗ ትሸሻለች።»

መልስ የምሰጥበት ትንፋሽ አልነበረኝም።
ጉልበቴን አቅፌ፣ ከጎኑ፣
ቁጢጥ አልኩ።