ቢላ ያዥ

የነቢያት ጾም ሊገባ፣ ሦስት ቀን ሲቀረው፣
ጋሽ ወንድይፍራው ጥይቱን፣ አውጥቶ ቆጠረው፤
አምና አምስት ነበር፣ አሁን ሦስት ሆኗል፤
አንዱ ለጅብ ሄዷል፣ አንዱ ለሠርግ ጮኋል።
«ድኩላ ስቼ ጥድ፣ የማቆስል አይደለሁ፤
ያንዷ ዋጋ በግ ነው፤ አይቼ እተኩሳለሁ።»

አማቻችን ክፍሌ፣ ወሬ የማያልቅበት፣
አፉን በፎጣው ጫፍ፣ እንዲያስር ታዞበት፤
አሰግደው ደግሞ፣ የወፍ ዋሻ ጎረቤት፣
በጠጥ በጣቱ ነክቶ፣ ሰዓት የሚያውቅበት፤
ውሻችንም አለች፣ «ዝም በይ» የምትባል፣
ስሟን በጠሯት ቁጥር፣ ጩኸቷ ይብሳል።
እኔን፣ ዐሥራ አምስት ዓመቴ፣ እግሬ ነው ያስመረጠኝ፤
ጋሽዬ ቢላውን፣ ከነአፎቱ ሰጠኝ።

«ጥይት ይጥላል እንጂ፣ አይባርክም ሥጋ፤
ነፍሱ ሳትወጣ ድረስ፣ አንገቱ ጋ ተጠጋ፤
በስመ አብ ብለህ እረድ። ከቀደመህ ሞቱ፣
በክት ነው፤ የጅብ ነው፣ ከሥጋው እስከ አንጀቱ።»

ወጣን በጣርማ በር፣ ጉሙ ከይፋት ቆላ
ሽቅብ እንደሚፈስ ጎርፍ፣ ሲከተለን ከኋላ።
ጅባራ ቆሞ ቢያየው፣ በጉም ውስጥ እንደ ሰው፣
«እንዴት አደሩ?» ብሎ፣ ክፍሌ እጅ ነሣው።
ሳቅ በጥርስ ታፈነ። አሰግደው ጎንበስ አለ፤
«ትኩስ ነው፤ አልራቀም፤ ከዝግባው ተጠለለ።»

ቆምን። ጊዜው ረዘመ። ጣቴ ደነዘዘ።
አንድ ጥቁር ቀንድ፣ ከጥሻው ተመዘዘ፤
ቀጥሎ ጆሮው፣ ቀጥሎ፣ ነጠብጣብ ያለው ጎኑ፤
እርጥብ አፍንጫው ላይ፣ ብልጭ አለ ብርሃኑ።
ምንሽሩ ጮኸ፤ ገደሉ መለሰው፤
«ሩጥ!» ሲሉኝ እግሬ፣ ጆሮዬን ቀደመው።

ሮጥኩ።
እሾሁ ቀደደኝ፣ ድንጋዩ ከዳኝ፣
ጭቃው ይዞ ጣለኝ፣ ዳገቱ አነሣኝ።
ስደርስ ተኝቶ ነበር፣ ሥር ተንተርሶ፣
ዓይኑ ክፍት፣ ንጹሕ፣ ጉማሙን ሰማይ ለብሶ።
እጄን ካፍንጫው ላይ፣ አስጠግቼ ጠበቅኩ፤
ምንም። ጎኑን ዳበስኩ፤ ደረቱን አዳመጥኩ።
ሙቀቱ ነበር እንጂ፣ ባለቤቱ የለ፤
ምድጃው ሳይጠፋ፣ ቤት ጥሎ ኮበለለ።

ከታች ሰማሁ ድምፁን፤ «ደረስክበት ልጄ?»
በስመ አብ አልኩና፣ ተንቀጠቀጠ እጄ፤
የሞተውን አረድኩ። ደሙ አልገነፈለ፤
እንደሚያፍር እንግዳ፣ ቀስ ብሎ ብቅ አለ።

«ደርሻለሁ!» አልኩ።

ማታ ቤቱ ሞላ፤ ጥብሱ ተንጣጣ፤
የጅባራው ታሪክ፣ አራት ጊዜ መጣ፤
ለአሰግደው ሽንጡ፣ ለ«ዝም በይ» አጥንት ደረሰ፤
የሕፃናቱ ከንፈር፣ ወዝ በወዝ ታበሰ።
እኔም በላሁ። ዋጥኩ። ሳቅሁም፣ ከሁሉ ጮክ ብዬ።
ዳቦ በጨው ብቻ፣ ቆረሰ ጋሽዬ።
«ጥርሴን ነው፣» አለና፣ «ብርዱ ነው ያመመው፤»
ያው ጥርስ ነበረ ጧት፣ ባቄላ የቆረጠመው።
እኔን አላየኝም። ሌላም አልተናገረም።

ዓመቱ ዞረና፣ ኅዳር ደግሞ ገባ፤
ሁለት ጥይት ይዘን፣ ከዚያችው ከዝግባ።
ጋሽዬ ምንሽሩን፣ ከትከሻው አውርዶ፣
እኔ ላይ አነገተው፤ ቢላውን ወስዶ
ስድሳ ሦስት ዓመቱ፣ ጉልበቱ ሲንቋቋ፣
የበረባሶውን ጠፍር አጠበቀ።
«አንተ ተኩስ፤ ዘንድሮ፣ ሯጩ እኔ ነኝ፣» አለ።
ትንሽ ቆየና፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣
«ባልደርስ፣ አልደረስኩም እልሃለሁ።»

ክፍሌ ምንም ሳያውቅ፣ በጉሙ ውስጥ ቆሞ፣
ባርኔጣውን አውልቆ፣ ጅባራውን እጅ ነሣ ደግሞ።