ቀይ ነጥብ

ከቀለበቱ ወጥቶ፣ ገላን መዳረሻ፣
ግማሹ ፋብሪካ፣ ግማሹ እርሻ፤
ከወፍጮው ግቢ በር የመኪና ሚዛን አለ፣
ሚዛኑ ዳር ሂርጳ፣ ቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ሲያልበው የዋለ፤
ከሂርጳ ፊት ደግሞ
ቢጫ የመታው ኮምፒውተር፣ ዱቄት ተሸክሞ።

"ሌባ" ነው የሚሉት፣ ስሙን ረስተውት።
አርባ ኪሎ ይጎድላል፣ ማንም ይጫነው፣ ከየትም ያምጡት፤
ሠላሳ ዘጠኝ ሆኖ አያውቅም፤ አርባ አንድም።
"እጄን አላስገባሁም" አለኝ።
"እጅ ግን አለበት። ፈልጊልኝ።"

ፕሮግራሙን የጻፈው ውብሸት ነበር፤ ሞቷል።
የጻፈበት ዲስክ ከቤት ዕቃው ጋራ ተሽጧል።
የተረፈን ማሽኑ የሚያነበው ብቻ፣
የተፈጨ ነገር፤ ዱቄት ዘግነሽ
"የትኛው ዛላ ላይ ነበርክ?" እንደ ማለት።

ፈታቹን ከፈትኩ። ዱቄቱን ወደ ቅንጣት መለሰው፣
ወደ ዛላው ግን አይደለም፤
አምጣ፣ አወዳድር፣ ዝለል፣
አምጣ፣ ቀንስ፣ ዝለል፣
አሥራ አንድ ሺህ መስመር፣
በር ከበር።
እንደኛ ሰፈር ኮንዶሚኒየም፣ በሩ ላይ ቁጥር ብቻ፤
ማን የት እንደገባ የሚታወቀው
ማታ አምፖል ሲበራ ነው።

ስለዚህ ዲባገር፤ ሲሮጥ እንዳየው።
ፕለጊኑን ትናንት ቱሉ ዲምቱ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣
በስልኬ ዳታ አወረድኩት፣ ሦስቴ ተቋርጦ።
ፎልደሩ ውስጥ ከተትኩት፤ ዘጋሁ፤ ከፈትኩ፤ የለም።
ባለ ስልሳ አራቱን ነው ያመጣሁት፣ የሚፈልገው ባለ ሠላሳ ሁለቱን፤
የሰው ጫማ።
ቀየርኩት። መብራት ሄደ።
ሂርጳ ጄኔሬተሩን አራት ጊዜ ጎተተው፣
በአምስተኛው ሰደበው፣ ተነሣ።
ከፈትኩ፤ ሜኑው ላይ አንድ አዲስ ቃል
እንደ ሕፃን ጥርስ ብቅ ብሏል።

ከዚያ ገመድ፣ ከላፕቶፔ ወደ ሽማግሌው።
እዚያ አድማጩን አስነሣሁ፣ እዚህ አድራሻና ፖርት ጻፍኩ።
"ተገናኝቷል" አለኝ፤ አላመንኩትም፤
የገጹ ቁጥርና የሩጫው ቁጥር አይገጥምም።
ፕሮግራሙ ሲነሣ ሌላ ቦታ ነው የሰፈረው፤
ልዩነቱን ቆጥሬ ነገርኩት፣
ሁለቱ መስኮቶች እኩል መራመድ ጀመሩ።

"መኪና አስገባ!"
ስንዴ የጫነ አይሱዙ ሚዛኑ ላይ ወጣ።
ቀይ ነጥቧን "ቀንስ" ከሚለው ፊት አኖርኩ።
ቆመ።
ስክሪኑ ቆመ፣ ቁጥሩ ቆመ፣
ያ ሁሉ ስንዴ ክብደት አልባ፣ በነጥብ ተንጠልጥሎ ከረመ፤
ሹፌሩ ብቻ ክላክሱን ይነፋል፣
እሱን የሚያቆም ነጥብ የት ይገኛል?

አንድ እርምጃ።
አንድ እርምጃ።
ሬጂስተሩ ውስጥ ሰባት ተቀምጧል።
ሰባት ምን? ወር ነው።
ሰባት በእኛ መጋቢት፣ በማሽኑ ሐምሌ፤
ሐምሌ ከሆነ፣ ይላል፣ አርባ ቀንስ።
በመስኮቱ የጥር አቧራ ይነፍሳል።

ሂርጳ ሳቀ፣ ሳቁ ግን አላማረኝም።
"ጭቃው! አስፋልቱ ሳይመጣ በፊት
ሞልቶ ሲገባ ከነጭቃው ይመዘናል፣
ባዶውን ሲወጣ ጭቃው ግቢያችን ቀርቷል፤
ጭቃ በስንዴ ዋጋ ገዛን ብለን ለውብሸት ነገርነው።
ከጎማ ፍቄ የመዘንኩትም እኔ ነኝ፣
አርባ ኪሎ።"
እጁን ገልብጦ አየው።

የማሽኑ ሰዓት ባትሪው ሞቷል፣ መቼ እንደሆነ እንጃ።
ማታ ሲያጠፉት ይረሳል፣
ጠዋት ሲያበሩት ወደ ተሠራበት ቀን፣ ወደዚያው ሐምሌ ይመለሳል፤
ለእሱ መንገዱ ጭቃ ነው፣
ውብሸትም ነገ ሥራ ይገባል።

"ቀንስ" የሚለውን "ምንም" ብዬ ጻፍኩበት፤
ነጥቧን አነሣኋት፣ ፕሮግራሙን ለቀቅኩት።

ገበሬው ደረሰኙን ተቀበለ፣
አንዴ አየ፣ ደግሞ አየ፣
ቀና ብሎ ሂርጳን
"ዛሬ ምን ነካህ?" አለው። "አመመህ እንዴ?"