ስምንት ባዳ

ከቪየና ባቡር ማለዳ ተነሥቶ፣
የወይኑን ማሳ በጉም ውስጥ አልፎ ወጥቶ፣
ሾፕሮን አወረደኝ፤ ትንሽ ከተማ ናት፣
ከዳቦ ቤት ይልቅ ጥርስ ቤት የሞላባት።
በየደጁ መንጋጋ፣ በየመስኮቱ ሳቅ፤
ዋጋው በዩሮ ነው፣ ጎረቤት እንዳይርቅ።

እኔ ወንጂ ያደግሁ፣ የአገዳ ሰፈር ልጅ፤
ጥርሴ ድድ ውስጥ ሳለ ቀድሞ የነካው እጅ
የጉድጓድ ውሃ ነው። ቡናማ ማኅተሙን
መትቶብኝ አለፈ፣ ሳልስቅ ገና አንድ ቀን።
እዚያ ማን አፍሮበት! ቄሱም ዘበኛውም፣
የሒሳብ መምህሩም፣ ሙሽራውም ሚዜውም፣
ሲስቁ ቡናማ።
ነጭ ጥርስ ያለው
እንግዳ ነው ብለን ነበር የምናየው።

እጄ አፌን መሸፈን የለመደው እዚህ ነው፤
ሆቴል ስቀጠር፣ ለደረት ካርዱ ፎቶ የሚያነሣው
«ከንፈርሽን ግጠሚው» ያለኝ ዕለት።
ከዚያ ወዲያ ዐሥራ አንድ ዓመት
በመዳፌ ሳቅሁ፤
ቀልዱ ሳያልቅ በፊት እጄን ፈለግሁ።

ዶክተር ኢልዲኮ ገባች፣ ናሙናዋን ፈትታ፣
እንደ ጥለት ሻጭ ሴት ቀለም ዘርግታ።
«ይኼ በረዶ ነው፤ ይኼኛው ወተት፤
ይኼ የዝሆን ጥርስ፣ ሰው ሰው የሚሸት።»
ዕድሜዬን ጠየቀች። አርባ ሦስት አልኋት።
በረዶውን ከረጢት ከተተችው፤
ደስ አለኝ፣ ከፋኝም፣ ሁለቱም ባንድ ሰዓት።
ስምንት ቬኒር ብቻ፣ የላዩን፤
ለታቹ ኪሴ እምቢ አለ።

ከዚያ መርፌ፣ ከዚያ ሞተር፣ የውሃ ጭጋግ አፌ ላይ።
ግማሽ ሚሊ ብቻ ነው የምትልጠው ከላይ፤
ግማሽ ሚሊ ወንጂ።
የተቃጠለ ጥፍር ይሸታል። ምራቅ በሚመጠው ቱቦ
አዋራው ሲወርድ ሰማሁ፤
ቧንቧው፣ ወረፋው፣ ጀሪካኑ፣ ሁሉም ተሰብስቦ
ወደ ሾፕሮን ፍሳሽ።
«አንዴ ከተላጠ አይበቅልም» ይላል የፈረምሁት ወረቀት።

ሁለት ሳምንት በጊዜያዊ ፕላስቲክ፣ በማንኪያ ሾርባ።
«ጥርሴን ነክሼ ቻልሁት» እንዳልል፣
መንከስም ተከልክዬ ነበር።

ስምንቱ በጥጥ ተጠቅልለው መጡ፣
እንደ ጥፍር የሳሱ፣ ብርሃን ያሳልፉ፤
በሰማያዊ መብራት አንድ በአንድ ተለጠፉ።
መስታወት ሰጠችኝ። ሳቅሁ።
እጄ ቀድሞ ደረሰ።
ኢልዲኮ አንጓዬን ይዛ፣ ቀስ አድርጋ አወረደችው።

መመሪያው አንድ ገጽ ነው፣ ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፌዋለሁ።
ለስላሳ ብሩሽ፤ የማይፈገፍግ ሳሙና፤ ክር ማታ ማታ።
በጥርስሽ ጠርሙስ አትክፈቺ፣ ቁልፍ ስትተክዪ ክር አትበጥሺ።
ቆሎ የለም። አጥንት መጋጥ የለም።
ሌሊት ጥርስ ታፋጫለሽና መከላከያውን አጥልቂ።
በየስድስት ወሩ ነይ።

የራሴን ጥርስ እንዲህ አስታምሜው አላውቅም፤
በመፋቂያና በዕድሉ ነበር የኖረ።
ለቤተሰብ ያልተነጠፈ ለእንግዳ ይነጠፋል።
እህቴ ትርንጎ በስልክ፣
«ድሮም ጥርስ ባዳ ነው፤ ሆድ እያለቀሰ ይስቃል፤
ያንቺ ደግሞ ይኸው ፓስፖርት አወጣ» ብላ
ሳሉ እስኪጀምራት ሳቀች።

ባለፈው ማክሰኞ፣ ትራም ቁጥር ስድስት፣
ፊት ለፊቴ አንድ ጎረምሳ፣ ስልክ ጆሮው ላይ፣ ባማርኛ ሲሳሳቅ።
ጥርሱን አየሁት። ያ ቡናማ፣ ያ ነጠብጣብ፣ ያ አግድም መስመር፤
የት ሰፈር ውሃ እንደሆነ ልነግረው እችል ነበር።
ፈገግ አልሁለት፣ በስምንቱም።
አየኝ።
ሳቁን ቆርጦ እጁን አፉ ላይ ጫነ።

ሦስት ፌርማታ ዝም።
ልወርድ ስነሣ አጠገቡ ጎንበስ አልሁ፣
የታች ከንፈሬን በጣቴ ስቤ አሳየሁት፤
የታቹን ረድፍ፣ ማንም ያልነካውን ወንጂ።

«ስንተኛው ካምፕ?» አለኝ።
እጁ ጉልበቱ ላይ ነበር።