የመዛኙ ጣት

ክፉ ሰው ልፈጥር ቁጭ አልኩ አንድ ማታ፣
የሊየፓያ ነፋስ መስኮቴን ሲመታ፤
ትራሙ ሲያቃስት ድልድዩን ሲሻገር፣
የታጨሰ ዓሣ ሽታ ከጎረቤት ሲበር።
ስሙን ኤድቪንስ አልኩት፤ ሥራው እህል መዛኝ፤
ዘመኑ የራብ ነው፣ አገሩ ዳቦ ለማኝ።

ጠባሳ ሰጠሁት ከጆሮው እስከ አንገት፣
ሳቁን አስመሰልኩት የዛገ በር መክፈት፤
ጥቁር ካፖርት አለበስኩት፣ ሲራመድ አነከስኩት፣
ውሻ ባየ ቁጥር እንዲረግጥ በየገጹ አዘዝኩት።

ሦስት መቶ ገጽ ሲሞላ ለኢማንትስ ላክሁለት፣
ለአርታኢዬ፣ ቃል መቆጠብ ሃይማኖት ለሆነለት።
በሳምንቱ መለሰው። ዳር ላይ፣ በእርሳስ፣
አንዲት ጥያቄ ብቻ፦
"ይህ ሰው ምሳ በልቶ ያውቃል?"

"ምሳ!" አልኩ ለግድግዳው፤ "ስንቱን ጦም ያሳደረ፣
ጭራሽ እኔ ላብላው?" ብዕሬም ደርቆ አደረ።

ነጋ። ድንች ስልጥ ታየኝ ሲልጥ እሱም፣
ቅርፊቱን እንደ ወረቀት፣ ሥጋውን ሳይነካ ከቶም፤
አንዱን ለልጁ ቆርሶ፣ ሁለቱን ለእናቱ፣
ገበታው ላይ የቀረችውን ጨው ሲለቅም በጣቱ።
በዚያችው ጣቱ፤ ከሰዓት በኋላ በሚዛኑ ዳር
እንደ ዝንብ ቀስ ብላ በምታርፈው፣ ማንም ሳያውቅ ነገር።

ጠባሳውን ሰረዝኩ። ካፖርቱን አስወለቅኩት።
ውሻው በሰላም ይለፍ አልኩ። ማንከሱን አስተውኩት።
ሰው መሰለ፤ እውነት ነው። ግን ገና አልተነፈሰም፤
ለካ ምሳ መብላት ብቻ ሰውን ሰው አያደርግም።

አንድ ትዕይንት ይቀረኝ ነበር፣ መጽሐፉ እንብርት ላይ፦
መበለቷ ከረጢቷን ስትዘረጋ፣ ዓይኖቿን ቀና ብሎ ሲያይ፣
ያን ጊዜ ውስጡ ምን ይላል?
"ሌባ ነኝ" አይልም። እንዲህ የሚል የለም።
እንዲህ የሚል ሌባ ከመጽሐፍ ውጭ አላየሁም።
ታዲያ ምን?
ሦስት ቀን ጠየቅሁት፤ ሦስት ቀን ዝም አለኝ፤
በአራተኛው ሌሊት የገዛ መሳቢያዬ ጠራኝ።

እናታችን ያረፈች ሰሞን፣ እኔና እኅቴ ሚርድዛ
ዶቃዎቿን ተካፈልን፣ ትራሷ ገና እንደወዛ።
የጥድ እንባ ናቸው፣ ደርቀው ባሕር የተፋቸው፤
አምበር ይሏቸዋል፤ እንደ ማር ነው መልካቸው።
አንድ ለሷ፣ አንድ ለኔ፤ ቆጣሪዋ እኔ ነበርኩ፤
ዝንብ በሆዷ ያለችውን በመዳፌ ሸሸግኩ።
"እሷ ሴት ልጅ የላትም፤ ለማን ልታወርሰው?
ደሞስ በአንዲት ፍሬ ጠጠር መቼ ተጎዳ ሰው?"

እንዲህ ነበር ያልኩት። ቃል በቃል።
ሠላሳ ዓመት ሙሉ ማንም ሳይሰማው ተቀምጧል።

ወረቀቱን ሳብኩና ለኤድቪንስ አጎረስኩት፦
"ልጅ የላትም መበለቷ፤ ለማን ብላ ታስቀምጠው?
ደሞስ በአንድ እፍኝ አጃ መቼ ተጎዳ ሰው?"
ጣቱ አረፈች። ሚዛኑ ዘመም አለ።
ያኔ ሰውየው ተነፈሰ፤ ከገጹ ላይ ቀና አለ፤
አየኝ፤ እንደሚያውቀኝ፤ በጥላቻም አይደለ፤
"የሰጠሽኝን ነው ያልኩት" የሚለኝ መሰለ።
ፈራሁት።

በረዶው ሲቀልጥ መጽሐፉ ወጣ።
ከሪጋ ደወለች ሚርድዛ፣ ድምፅዋ በጉንፋን ታፍኖ፤
"ያ መዛኝ አሳዘነኝ" አለች፣ "ሌብነቱ እንዳለ ሆኖ።
ደሞ የማውቀው ሰው መሰለኝ፤ እንቅልፍ ነሥቶኝ አደረ።
ከማን ቀዳሽው? ንገሪኝ። ወደብ የሚሠራ ነበረ?"

ነፋሱ መስኮቱን መታው። ትራሙ ድልድዩን ወጣ።

"የሰፈር ሰው ነው" አልኳት። "አታውቂውም። ድሮ ሞቷል።"
ስልኩ በግራ ጆሮዬ ነው፤
ቀኝ እጄ መሳቢያው ላይ፤
አንዲት ጣት፣
ቀስ ብላ፣
እንደ ዝንብ።